ከሙት ዓመቱ በኋላ የመጣ ቡችላ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 61 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በድንገት ዐረፈ። በዚያው ዓመት ከመምህርነት ሥራዬ ጡረታ ወጣሁ፤ የመጨረሻ ልጄም ለሥራ ወደ ዱባይ ሄደ። ልጄ ለአባቱ ሙት ዓመት መጥቶ ሲመለስ ‹ብቻሽን አትሁኚ› ብሎ የሁለት ወር ቡችላ ትቶልኝ ሄደ። ሙት ዓመቱ ካለፈ ወዲህ ሐዘኑ የቀለለኝ ሳይሆን የከበደኝ ይመስለኛል። ቡችላው ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ስም እንኳ አላወጣሁለትም። ሌሊት ያለቅሳል፣ እጄን ይነክሳል፣ ቤቱን ያበላሻል። አንድ ቀን የባለቤቴን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥቶ አኘከብኝ፤ መታሁትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ደግሞ ምስር ስለቅም ነጠላዬን ጎትቶ ሲሮጥ ባየው ጊዜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ የገዛ ሳቄ አስደነገጠኝ። የባለቤቴ እህት ይህን ሰምታ ‹ወንድሜን በውሻ ተካሽው?› አለችኝ። ጎረቤቶቼም ጸሎት የሚደረግበት ቤት ውስጥ ውሻ አይገባም ይሉኛል። ለሰው ልስጠው ወይስ ላሳድገው?»

ምላሽ፦ የተከበሩ እናታችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ጥያቄዎች አብረው ተቋጥረው አገኘሁ። አንደኛው የጻፉት ነው፤ ቡችላውን ላሳድገው ወይስ ለሰው ልስጠው የሚል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን ከመስመሮቹ መካከል ያለው ነው፤ ባሌ ከሞተ በኋላ መደሰት ይገባኛል ወይ የሚል። ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም እርሱ መልስ ካላገኘ ቡችላው በቤትዎ በዋለ ባደረ ቁጥር የጥፋት ምስክር መስሎ ይታይዎታል።

በሀገራችን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ድንኳን ይጣላል፣ እድርተኛው ተሰብስቦ ያስተዛዝናል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል። ከሠልስቱ እስከ አርባው፣ ከአርባው እስከ ሰማንያው፣ ከመንፈቁ እስከ ሙት ዓመቱ ሐዘንተኛው የሚቀበለው ሰው፣ የሚያዘጋጀው ዝክር፣ የሚጠብቀው ቀን አለው። ይህ ሥርዓት ትልቅ ጥበብ ያለበት ነው፤ የወደቀን ሰው ለአንድ ዓመት ደግፎ ያቆማል። ከሙት ዓመቱ በኋላ ላለው ጊዜ ግን የተሰናዳ ነገር የለም። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይወስዳል፣ ዘመድ ወደየኑሮው ይመለሳል፣ ጥቁሩ ልብስ ይወልቃል፣ ሰውም «እንግዲህ በርቺ» ብሎ ይሰናበታል። እርስዎን ደግሞ ይህ ጊዜ ያገኘዎት ለብዙ ዓመታት ማለዳ ያስነሳዎት የነበረው የትምህርት ቤት ሥራ ካበቃና የመጨረሻው ልጅ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን ይበልጥ ከበደኝ ማለትዎ ድክመት ሆኖ አይታየኝም፤ እስካሁን ሸክሙን አብሮዎት የተሸከመው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እጁን ሲያነሣ የማይከብደው የለም።

ተስፋ ሲባል ብዙ ጊዜ ልብን በአንድ ጊዜ የሚያሞቅ ታላቅ ስሜት ይመስለናል። ለረጅም ጊዜ ያዘነ ሰው ዘንድ ግን ተስፋ የሚመለሰው በአብዛኛው ስለ ነገ በሚታሰብ በአንድ ትንሽ ጉዳይ በኩል ነው። ባለፈው ዓመት የቆጠሯቸው ቀኖች ሁሉ ወደ ኋላ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከሞተ አርባ ቀን፣ ከሞተ መንፈቅ፣ ከሞተ ዓመት። አሁን ግን ሦስት ወር ሲሞላው የሚከተብ፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ የወተት ጥርሱን እየጣለ የሚያበቅል፣ ዓመት ሲሞላው ሙሉ ውሻ የሚሆን ፍጥረት በግቢዎ አለ። የእርሱ ቀን የሚቆጠረው ወደ ፊት ነው፤ እርስዎም ሳይታወቅዎት አብረውት ወደ ፊት መቁጠር ጀምረዋል። «ላሳድገው ወይ» ብለው መጠየቅዎ ራሱ ስለሚመጣው ዓመት ማሰብዎ ነውና፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው።

ሳቅዎን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ልቅሶ ቤት ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሟቹን ጨዋታና ጠባይ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ እንባቸው ያልደረቀ ሐዘንተኞች አብረው ይስቃሉ። ሟቹን አቃለሉት ብሎ የሚቆጣቸው የለም። ሐዘንና ደስታ ተራ ጠብቀው የሚገቡና የሚወጡ አይደሉም፤ በአንድ ልብ፣ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የሳቁበት ቀን ለባለቤትዎ ያለዎትን ፍቅር አንዳች አልቀነሰም፤ በማግስቱ ደግሞ ቢያለቅሱ ወደ ኋላ ተመለስኩ ብለው አይደንግጡ።

የባለቤትዎ እህት የተናገሩት ቃል እንደቆረጠዎት ይገባኛል። ሆኖም እርሳቸውም ወንድማቸውን ቀብረዋል፤ የእርስዎን ሳቅ ሲሰሙ ወንድሜ ሊረሳ ነው የሚል ፍርሃት እንደያዛቸው እገምታለሁ። ክፉ ቃል በክፉ ቃል እንዳይመልሱ፣ ዝምም ብለው ቂም እንዳይዙ እመክራለሁ። ቡና አፍልተው ይጥሯቸውና እንዲህ ይበሏቸው፦ «ወንድምሽን የሚተካ ሰውም እንስሳም የለም። ይህ ቡችላ ግን ጧት ጧት ከአልጋ ያስነሣኛል፤ ካልተነሣሁ ይራባልና።» ከዚያ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ቢቻል ስለ ወንድማቸው ልጅነት እንዲያጫውቱዎት ይጠይቋቸው፤ የሚፈሩት መረሳቱን ከሆነ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ይህ ያሳርፋቸዋል።

የጎረቤቶችዎ ሐሳብ ሃይማኖታዊ ስለሆነ የመጨረሻውን ቃል ከንስሐ አባትዎ መስማት ይገባዎታል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ውሻ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ መጠንቀቅና የጸሎት ሥፍራን በንጽሕና መያዝ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ውሻ ማሳደግ ግን ነውር ሆኖ አያውቅም። ጳጉሜን 3 ቀን በምናስበው በቅዱስ ሩፋኤል ታሪክ፣ በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ውሻ አብሯቸው እንደነበር ተጽፏል። ሥዕለ አድኅኖ ያለበትንና የሚጸልዩበትን ክፍል በር ዘግተው፣ ለቡችላው በሳሎኑ ጥግ ወይም በበረንዳው ማደሪያ ቢያበጁለት ሁለቱም ነገር በየቦታው ይሆናል።

ስለ ጫማው ጥቂት ልቆይ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያመመዎት እርሱ ይመስለኛል። የሟች ልብስ ለነዳያን ሲሰጥ እርስዎ ጫማውን አስቀርተዋል። ሌላው ሁሉ ሲሄድ እግሩ የለመደው፣ ተረከዙ በእርሱ አረማመድ ያለቀ ጫማ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ የሞተበት ሰው ያውቃል። ቡችላው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። ቡችላ የሚያኝከው ድዱ ስለሚያሳክከው ነው፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ቆዳ የሆነውንና የሰው ጠረን አብዝቶ ያለበትን ይመርጣል፤ የለበሱት ነጠላና የተጫሙት ጫማ ከሁሉ የሚቀድሙትም ለዚህ ነው። የመረጠው በንቀት አይደለም፤ እንደ ውሻ ካሰብነው በቤቱ ውስጥ ያለውን እጅግ የሚወደድ ነገር ነው ያገኘው። መምታትዎን በራስዎ ላይ አይያዙት፤ ነገር ግን አይድገሙት። ቡችላ ጥፋቱ ካለፈ በኋላ ቢመታ የተመታበትን ምክንያት ከጥፋቱ ጋር ማገናኘት አይችልም፤ የሚማረው የመታችውን እጅ መፍራት ብቻ ነው። ጫማውን ጠርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ያኑሩት፤ የተኘከ ጫማ ሊስትሮ ወይም ጫማ ሰፊ ጋ ሊጠገን ይችላል። ለቡችላው ደግሞ የራሱ የሚያኝከው ነገር ይስጡት፤ ያረጀ ፎጣ ቋጥረው፣ በውሃ ነክረው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተው ቢሰጡት ድዱን ያበርድለታል።

ሌሊት የሚያለቅሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተቃቅፎ ይተኛ ስለነበር ነው። ለጥቂት ሳምንታት ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ አንጥፈው ከአልጋዎ አጠገብ ያስተኙት፤ ትንፋሽዎን ሲሰማ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ቀስ በቀስ ወደሚያድርበት ቦታ ማራቅ ይቻላል። በሦስት ወር ዕድሜው ሽንቱን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ መያዝ ስለማይችል ሌሊት አንድ ጊዜ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቀን ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላና ከተጫወተ በኋላ ወዲያው ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ይውሰዱት፤ እዚያ ሲጨርስ በደስታ ድምፅ ያመስግኑት። እርስዎ መምህርት ስለሆኑ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ልጅ የሚማረው በትክክል የሠራው ነገር ወዲያው ሲነገረው ነው፤ ቡችላም እንዲሁ። እጅዎን ሲነክስ ጨዋታውን አቁመው፣ እጅዎን ሰብስበው ፊትዎን ያዙሩበት፤ ከዚያ የሚያኝከውን ነገር ያቀብሉት። ጥርሱን ለውጦ ሲጨርስ፣ በስድስት ወሩ ግድም፣ ይህ ጠባይ በጣም ይቀንሳል። ቡችላ በቀን 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት እንደሚያስፈልገውም ልብ ይበሉ፤ አብዝቶ የሚናከስና የሚቅበጠበጥ ቡችላ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ነው።

አሁን ቀን የማይሰጠው ጉዳይ ክትባቱ ነው። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት ቡችላን የሚገድሉ በሽታዎች በክትባት ይከለከላሉ፤ ክትባቱ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እስከ አራት ወሩ ድረስ ይደጋገማል። የእርስዎ ቡችላ ወደ ሦስት ወር ተጠግቷልና ልጅዎ አስጀምሮት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካላስጀመረው በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ ይታደሳል። ይህን በሽታ ሀገራችን ዛሬም አላሸነፈችውም፤ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ፣ የራስዎ ቡችላም ቢሆን፣ ነክሶ ወይም ቧጭሮ ቆዳ ከላጠ፣ ደም ባይወጣም እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡና ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት እንዲህ ያለ ንክሻ ደርሶብዎት ከሆነም «አልፎልኛል» ሳይሉ ነገ ጧት ሄደው ለባለሙያ ይንገሩ።

ስለ ምግቡ በአብዛኛው ቤት የሚደረገው ስሕተት የወጥ ትርፍራፊ መስጠት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነርሱ አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ቸኮሌትና ዘቢብ መርዝ ይሆኑበታል፤ የላም ወተትም ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣል። በበዓል ጊዜ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ካሉ ውሻው ትል ይይዘዋል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ሰው ሲተላለፍ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ሁሉ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጠው፤ የትላትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይውሰድ። እርስዎ የሚጾሙ ከሆነ ቡችላው አብሮዎት 55 ቀን ዐቢይ ጾምን መጾም አይችልም፤ በማደግ ላይ ነውና ሩዝ ወይም ቅንጬ ከተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም ከሉካንዳ ከሚገኝ የተቀቀለ ቁርጥራጭ ሥጋ ጋር ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት በቀን ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል። የጡረታ ገንዘብ ውስን መሆኑን አውቃለሁ፤ ቡችላውን የተወልዎት ልጅዎ የክትባቱንና የምግቡን ወጪ ቢካፈል ተገቢ ነውና ያለ ይሉኝታ ይንገሩት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በብዙ ግቢ እንደሚደረገው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ውሻ እንዳያደርጉት። የታሰረ ቡችላ ፈሪና ተናካሽ ሆኖ ያድጋል፤ ለእርስዎም ጓደኛ መሆኑ ይቀራል። ቡችላ ዓለምን ያለ ፍርሃት የሚላመድበት ዕድሜ እስከ ሦስት ወር ተኩል ግድም ስለሆነ የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ክትባቱን እስኪጨርስ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት መሬት አያስቀምጡት፤ ነገር ግን ታቅፈውት በር ላይ ይውጡ። ልጆች ሲጫወቱ ይይ፣ የቆራሌውን ጩኸት፣ የባጃጁን ድምፅ፣ ጃንጥላ የያዘን ሰው ይልመድ። እንዲህ ስል ለእርስዎም አስቤ ነው፤ ቡችላ ታቅፎ በር ላይ የቆመን ሰው መንገደኛ ሰላም ሳይለው አያልፍም፣ የጎረቤት ሕፃናትም ይከቡታል። በሐዘን ዓመት የተዘጋ የግቢ በር ማስተዛዘኛ ባልሆነ ጉዳይ ሲከፈት በቤቱ ላይ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ውሻ የሰውን ሐዘን ይፈውሳል ብዬ አልጽፍልዎትም፤ ስለዚህ የተደረጉ ጥናቶችም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና አሳዳጊው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትንና ሕፃንን የሚያቆራኘው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሲያይዎት የሚሰማዎት ነገር ቅዠት አይደለም። ነገር ግን የሕመም ያህል የከበደ ሐዘን ሐኪም እንጂ ቡችላ አይበቃውም። ዓመት አልፎም እህል የማይበሉ፣ እንቅልፍ የማያገኙ፣ ሞቱ አሁንም እውነት የማይመስልዎት፣ ወይም «በሞትኩ» የሚል ሐሳብ የሚመላለስብዎት ከሆነ፣ በአማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለው በማንኛውም ሆስፒታል ባለሙያ ያናግሩ፤ ይህን ሐሳብ ለልጅዎም አይደብቁት። ወደዚያ መሄድ ከእብደት የሚቆጠርበት ጊዜ ሊያበቃ ይገባል፤ ጸበሉንም ጸሎቱንም አያስተውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ፤ እኔ ያሳድጉት እላለሁ። ይሁን እንጂ እንደ ዕዳ አይያዙት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ «ምነው ባልመጣ ኖሮ» የማይል አሳዳጊ ጥቂት ነው፤ ይህ ድካም በአብዛኛው ቡችላው አራትና አምስት ወር ሲሆነው ይቀላል። ጉልበትዎ ወይም ጤናዎ በእውነት የማይፈቅድ ከሆነ፣ ግቢ ላለውና ለማያስረው ሰው ክትባቱን አስጀምረው መስጠት በደል አይደለም፤ እስከዚያ ግን ለራስዎ እስከ ጥርሱ መለወጫ ድረስ ጊዜ ይስጡ። ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ወይም ሲያምዎት ማን እንደሚይዝልዎት ከአሁኑ ያስቡ፤ ከጎረቤት ልጆች አንዱን መርጠው ምግቡንና ሰዓቱን ያስተምሩት። ሐኪም ቤት ሲወስዱትም ለክትባት ካርዱ የሚጻፍ ስም ይጠየቃሉና፣ ከዚያ በፊት ስም ያውጡለት።